ያለ ኃጢአቱ የተከሰሰው ቀይ ሥር

አምና በመስከረም፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የእህቴን ልጅ ካሊናን ከትራም ስትወርድ አገኘኋት። ዓመት ሙሉ «እመጣለሁ» እያለች የቀረችብኝ ልጅ ናትና እንዳላመልጣት ብዬ፣ «የፕሪም ዛፌ ፍሬ እየረገፈ ነው፤ ነይ ልቀሚ» እያልኩ ወደ አትክልት ቦታዬ ይዣት ሄድኩ። በጨርቅ ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ከተማችን በውጅ፣ እንደ እኔ ጡረታ የወጣ ሰው አንዲት ቁራሽ መሬትና አንዲት የእንጨት ጎጆ አታጣውም። አጥሩ ከጉልበት አያልፍም፤ የጎረቤት ምሥጢር የሚባልም ነገር የለም።

ከእኔ አጥር ወዲያ ያለው ቦታ የአቶ ዜኖን ኩዣቫ ነው። አቶ ዜኖን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ስድስቱን ያሳለፉት በጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በጡረተኞች ክበብ ሲደንሱ ያያቸው ሰው ግን ዕድሜያቸውን አያምንም። ቀይ ሥር ይተክላሉ፤ ጠዋት ማታ ቀይ ሥር ይበላሉ፤ በየመኸሩም በሆምጣጤ የተሰናዳ ቀይ ሥር በጠርሙስ እያሸጉ ለአርባ ጎረቤት ያድላሉ። እኔ ቀይ ሥር አልወድም። ሆኖም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እጅዎ ይባረክ» እያልኩ ተቀብያለሁ። ሰው እንዳይቀየም ተብሎ የሚደረግ ነገር መጨረሻው እንደማያምር ያወቅሁት በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት አቶ ዜኖን ከፍግ ክምራቸው ጀርባ የሱሪ ቁልፋቸውን እየቆለፉ ብቅ አሉ።

«መምህር፣ የዘንድሮው ቀይ ሥሬ በርትቷል፤ ዛሬ ደግሞ ወይን ጠጅ ሸናሁ» አሉኝ።

ይህን ቀልድ ከሐምሌ ጀምሮ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ስቄያለሁ። ካሊና ግን አልሳቀችም። ካሊና ነርስ ናት፤ የምትሠራውም በሽንት አካላት ሕክምና ክፍል ነው። የፕሪሙን ቅርጫት መሬት አስቀመጠችና ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«ጋሼ፣ ሲሸኑ ያምዎታል? ያቃጥልዎታል?»

«ኧረ ምንም የለም። ቢያመኝማ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር።»

«እኔን ያሳሰበኝም አለማመሙ ነው። ሕመም የሌለው ደም ይብሳል።»

«የምን ደም አመጣሽብኝ? አንቺ ልጅ፣ እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጨርቅ ስነክር ኖሬ የቀይ ሥርን ቀይ ከደም ቀይ አልለይም ልትዪኝ ነው?»

ካሊና በትሕትና መለሰችላቸው። ቀይ ሥር የአንዳንድ ሰው ሽንት እንደሚያቀላ አልካደችም። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ቆጠረች፤ ድሮ ያጨሱትን ሲጋራ ቆጠረች፤ በመጨረሻም ከድሮዎቹ የጨርቅ ቀለሞች አንዳንዶቹ የሠራተኛውን የሽንት ፊኛ እየጎዱ፣ ካንሰሩ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደሚወጣ ነገረቻቸው። ሙያቸው ሲነካ አቶ ዜኖን ፊታቸው ጠቆረ። ልጆቼን ያሳደግሁበትን እንጀራ አታራክሺብኝ አሏት።

እኔ አርባ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የዚህን ቀለም ጉዳይ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ አውቅ ነበር። ግን ሰው እንዳይቀየመኝ ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ለዚያን ሰዓት ግን ለማስታረቅ ያህል፣ አቶ ዜኖን አምስት ቀን ቀይ ሥር ይተዉና ይታይ አልኩ። ውርርድም ገቡ፤ እሳቸው ከረቱ ካሊና ቅዳሜ በክበቡ ፖልካ አብራቸው ልትደንስ፣ እሷ ከረታች እሳቸው ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ።

ዓርብ ዕለት፣ ካሊና እንደገና እኔ ዘንድ መጥታ ሳለች፣ አቶ ዜኖን ጫማቸውን አስወልውለው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ጋዜጣውን ገለጡና ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሱት። ሽንታቸው እንደ ማንም ጤነኛ ሰው ሽንት ጥርት ያለ ነበር።

«ይኸውልሽ ዶክተሪት። ጥፋተኛው ቀይ ሥር ነው። በይ ጫማሽን አሰናጂ» አሏት።

እኔም እፎይ አልኩ። ካሊና ግን እንዲህ ያለው ደም አንድ ቀን ታይቶ ወር ሙሉ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ሰው ሁሉ ዳንኩ ብሎ የሚዘናጋውም በዚህ እንደሆነ አስረዳችን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለውን አስታወስኩ። ከዚያ ከቦርሳዋ ጫፉ ላይ ቢጫ ምልክት ያለው ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት አወጣች። ይህ ወረቀት ዓይን የማያየውን ደም ያያል፤ ደም ካለ አረንጓዴ ይሆናል አለችና ጠርሙሱ ውስጥ ነከረችው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ደቂቃ ሳይሞላ ቢጫው አረንጓዴ ነጠብጣብ አወጣ፤ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ።

አቶ ዜኖን ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ወዲያውም ሙያቸው ተነሣባቸው።

«አንድ ጨርቅ አይቶ የሚፈርድ ነካሪ ሞኝ ነው። ሌላ ወረቀት አምጪ» አሉ።

ጎጆ ገብተው ቀይ ሥር ጨምቀው በውሃ አቅጥነው መጡ። ሁለተኛው ወረቀት ተነከረ፤ ትንሽ ሮዝ ተቀባ እንጂ አረንጓዴ የሚባል አልወጣውም። ይህም አልበቃቸውም፤ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ በእህቴ ልጅ ፊት፣ ብርጭቆ ይዤ ከፍግ ክምሩ ጀርባ ሄድኩ። የእኔ ወረቀት ቢጫ እንደሆነ ቀረ። አቶ ዜኖን ሦስቱን ወረቀቶች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ደርድረው ተመለከቱና በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

«ቀለም አይዋሽም» አሉ ቀስ ብለው። «ግን አልሄድም።»

«ለምን ጋሼ?»

ያኔ ነው እውነተኛው ነገር የወጣው። ቴዎፊል የሚባል የፋብሪካ ጓደኛ ነበራቸው፤ በክበቡ ከእሳቸው በላይ የሚደንስ እሱ ብቻ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ፊኛውን ቆርጠው አወጡለትና ሽንቱን ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት መያዝ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ክበብ አልመጣም፤ በሁለተኛው ዓመት ሞተ።

«ዓመት ሙሉ ደም እየሸና ዝም ብሎ ነበር» አሉ አቶ ዜኖን። «ለምን ዝም እንዳለ ታውቂያለሽ? ለእኔ ነግሮኝ ነበር። ቀይ ሥር ነው፣ አትጨነቅ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ካሊና አጥሩን ተሻግራ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሕክምናው ሌላ ነበር አለቻቸው። ዛሬ ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በሽንት መውጫው አስገብቶ ፊኛውን ከውስጥ ያያል። ዕጢው ገና ላይ ላዩን ከሆነ ሆድ ሳይቀደድ በዚያው መንገድ ተፍቆ ይወጣል። ፊኛው መውጣት ያለበት ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ከገዛ አንጀቱ አዲስ ይሠራለታል፤ ከረጢት ይዘው የሚደንሱ ሰዎችንም በዓይኗ አይታለች።

«ደግሞም ካንሰር ነው አላልኩዎትም» አለች። «ደም ከጠጠርም፣ ከኢንፌክሽንም ይመጣል። ሳያዩት ግን አይታወቅም። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎ፤ ይሄ የእርስዎ ሙያ ነው። ከማየታቸው በፊት ፊኛው ውስጥ ልዩ መድኃኒት ያስገባሉ። ሰማያዊ ብርሃን ሲያበሩ ጤነኛው ሥጋ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ ዕጢው ብቻ ሮዝ ሆኖ ይበራል። በነጭ ብርሃን ከዓይን የሚያመልጥ ብዙ ነገር ይታያል።»

አቶ ዜኖን ቀና አሉ።

«ጤነኛውን አይዝም?»

«ያን ያህል አይዝም። አንዳንዴ የቆሰለ ቦታም ሊያበራ ይችላል፤ ለዚህ ነው የወጣው ነገር በማይክሮስኮፕ የሚታየው።»

«በሽታን ከጤና ለይቶ የሚይዝ ቀለም» አሉ አቶ ዜኖን ለራሳቸው ያህል። «እኛ ጥጥን ከሱፍ ለይቶ የሚይዝ ለማግኘት ስንት ተለፋን። ቀለም ያበላሸውን ቀለም ያሳየው እንግዲህ። ሐኪሙ ሰኞ ስንት ሰዓት ይገባል?»

ሰኞ ሦስታችን ሄድን። ከአተር የሚያንሱ ሁለት ዕጢዎች ተገኙባቸው፤ ካንሰር ነበሩ፤ ነገር ግን ወደ ጡንቻው አልዘለቁም። በካሜራው መንገድ ተፍቀው ወጡላቸውና በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ስድስት ሳምንት ያህል፣ መድኃኒት በፊኛቸው ይጨመርላቸው ነበር። መድኃኒቱ ለሕፃናት ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክንድ ላይ የሚወጋው ክትባት ዘመድ ነው፤ ፊኛው ውስጥ ሲገባ የሰውነትን ወታደሮች ቀስቅሶ በካንሰሩ ላይ ያዘምታል። አቶ ዜኖን ሁለት ሦስት ቀን ያቃጥላቸውና ያተኩሳቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድም ቅዳሜ ሳይቀሩ ክበብ ሄዱ። መደነስ ያቃታቸው ዕለት ወንበር ላይ ሆነው ሌላውን ሲተቹ ያመሻሉ። ውርርዱን ቢሸነፉም ካሊና ፖልካውን ደንሳላቸዋለች። አሁንም በየሦስት ወሩ በካሜራ ይታያሉ፤ እስካሁን ንጹሕ ነው። የዚያን ሮዝ ዕጢ ፎቶ ለምነው ተቀብለው በአትክልቱ ስፍራ ለሁሉም አሳዩ። እኔ ራሴ ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለጎጆ ብቻ አይደለም። ቀድሞ የሄደ ሰው ፊኛውንም ዕድሜውንም ማትረፍ ይችላል፤ ሳያመው የቀላ ሽንት አንድ ቀን እንኳ ያየ ሰው፣ ቅላቱ ቢጠፋም ሐኪም ይየው። በአቶ ዜኖን ምክንያት አራት ጎረቤቶቼ ለምርመራ ሄዱ። አንዱ ፕሮስቴቱ ላይ ትንሽ ነገር ተገኘበት፤ መጀመሪያ በማግኔት መሣሪያ ፎቶ አነሱት፤ ከዚያ ከተጠረጠረው ቦታ በመርፌ ናሙና ወሰዱና፣ የማይቸኩል ዓይነት ስለሆነ ሳይቆርጡ እየተከታተሉት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ለካ በቀልድ መደበቅም መደበቅ ነው። በሳቄ የማፍረው ለዚህ ነው።

ዘንድሮ አቶ ዜኖን እንደ ልማዳቸው ቀይ ሥራቸውን በጠርሙስ አሸጉ። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ በራሳቸው እጅ «ሽንትህ ቢቀላ በእኔ አታሳብብ፤ ሐኪም ጠይቅ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጠርሙስ የምሰጥበት ቤት አለና አብረውኝ ይምጡ አሉኝ። የሄድነው ወደ ቴዎፊል ሚስት ወደ ወይዘሮ ጌኖቬፋ ነበር።

አቶ ዜኖን ደጃፉ ላይ እንደቆሙ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለቴዎፊል ያሉትን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ወይዘሮ ጌኖቬፋ መነጽራቸውን አደረጉና በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ፤ ደግመውም አነበቡ።

«ያኔ አላወቅህም ዜኖን» አሏቸው። «አሁን ግን አንድ ጠርሙስ ጨምርልኝ። ወንድሜም ሽንቱ ቀልቶ ቀይ ሥር ነው እያለ ነው።»

አቶ ዜኖን ቦርሳውን ከነጠርሙሶቹ ደጃፉ ላይ አስቀመጡና ኮታቸውን ቆለፉ።

«ጠርሙሱ ይቆየው» አሉ። «ቤቱ የት ነው?»