የእህት ድርሻ

አዳማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ እታፈራሁ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች፤ አብሯት ሳሙና ፋብሪካ ያቋቋመው ታናሽ ወንድሟ ባንተይርጋ ወረቀትና ብዕር ይዞ ከኋላ ከኋላዋ ይላል።

ባንተይርጋ፦ እትዬ፣ አንድ ፊርማ እኮ ነው! ሰው ለፊርማ እንዲህ ይለመናል?

እታፈራሁ፦ አንሶላው ላይ ጥላህን አታጥላበት፤ አይደርቅም።

ባንተይርጋ፦ ገዢው ሰኞ ይመጣል። ፋብሪካውን እንዳለ ይወስዳል። አንቺም ድርሻሽን ትወስጃለሽ፤ ምን ቀረብሽ?

እታፈራሁ፦ የእናቴ ቤት። ለዚያ ፋብሪካ ነው የተሸጠው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብለህ ነው የመጣኸው?

ባንተይርጋ፦ ለፍቼ ያቆምኩት እኔ ነኝ!

እታፈራሁ፦ ሽጠዋ! ማን ያዘህ?

ባንተይርጋ፦ መመሥረቻ ጽሑፉ ነዋ። ለውጭ ሰው ሲሸጥ ከመቶው ሰባ አምስት እጁ መስማማት አለበት። እኔ አርባ አምስት፣ ባለቤቴ ስንዱ ሃያ አምስት።

እታፈራሁ፦ እኔስ?

ባንተይርጋ፦ ሠላሳ።

እታፈራሁ፦ አልሰማሁህም።

ባንተይርጋ፦ ሠላሳ! ይኸው፣ ጎረቤት ይስማ!

እታፈራሁ፦ ያን ቀን ሠራተኛ ፊት ግን እንዲህ አልጮህክም።

ባንተይርጋ፦ የቱን ቀን?

እታፈራሁ፦ የአምስት ዓመት ዕቅድ ያወጣን ቀን። ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት ብላችሁ ጻፉ ተባልን። እኔም ዘይት ቢወደድስ፣ መብራት ቢጠፋስ፣ ማሽኑ ቢሰበርስ ብዬ ጻፍኩ።

ባንተይርጋ፦ ስጋት ብቻ ሦስት ገጽ! መልካም አጋጣሚ የሚለው ላይ «እግዜር ያውቃል» ብለሽ አለፍሽው። ሰው ቢስቅ ምን ይገርማል?

እታፈራሁ፦ «ይቺ ሟርተኛ ወንበር ማሞቂያ ናት» ብለህ ያሳቅከው አንተ ነህ። በነጋታው ጥበቃው ከበር መለሰኝ።

ባንተይርጋ፦ ይኸው ዘይቱም ተወደደ፣ ማሽኑም ተሰበረ። ያሟረትሽብን አንቺ ነሽ!

እታፈራሁ፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔ ጠረጠርኩ፣ አንተ ሳቅክ።

ባንተይርጋ፦ እሺ፣ አጥፍቻለሁ። እግርሽ ላይ ልውደቅ?

እታፈራሁ፦ ጭቃ ነው፤ ሱሪህ ይበላሽብሃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ባንተይርጋ፦ ለልጆችሽ እንኳ አታስቢም? ካልሸጥን ይዘጋል፤ ባዶሽን ትቀሪያለሽ።

እታፈራሁ፦ እሱን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ይከስራል፣ ልጆቼ ሜዳ ላይ ይወድቃሉ ስል ስንዱ መጣች።

ባንተይርጋ፦ የኔዋ ስንዱ? ምን ልትሠራ?

እታፈራሁ፦ ልትሸጠው መሆንህን ከሰው ሰምታ። ለካ እሷንም አላማከርካትም።

ባንተይርጋ፦ ምን ብዬ ነው የማማክራት? ስሟን ለይስሙላ ነው ያስገባሁት! ሚስቴ አይደለችም? የእሷ የኔ ነው።

እታፈራሁ፦ እሷም «እንዲህ ነው የሚለኝ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ትናንት አብረን ውልና ማስረጃ ሄድን።

ባንተይርጋ፦ ያለ እኔ ፈቃድ ለማንም መሸጥ አትችዪም!

እታፈራሁ፦ ለውጭ ሰው ነው እንጂ። አባል ለአባል ሲያስተላልፍ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ራስህ ነህ ያስጻፍከው።

ባንተይርጋ፦ እትዬ… ምን አደረግሽ?

እታፈራሁ፦ ሠላሳዬን በጥሩ ዋጋ ለስንዱ ሸጥኩላት። ከሃያ አምስቷ ጋር ደምረው።

ባንተይርጋ፦ ሃምሳ አምስት…

እታፈራሁ፦ በል እንግዲህ፣ ቤትህ ግባና ሚስትህን ደጅ ጥና።