ጥሩሰው በድልድዩ መግቢያ ስለወደቀበት ሁኔታ የተሰጠ ሁለተኛ ቃል

የምስክሩ ስም፦ መክብብ አለማየሁ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ኮንየርስ በሚገኝ መጋዘን የፎርክሊፍት (የዕቃ ማንሻ ማሽን) ኦፕሬተር
አድራሻ፦ ስኮትዴል፣ ጆርጂያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ኦክቶበር 29 ቀን 2015፣ ከቀኑ 2፡10
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ኢዩኤል ይገዙ፣ የካውንቲው ፖሊስ
መግለጫ፦ ምስክሩ ኦክቶበር 17 በእንግሊዝኛ የሰጠውን ቃል ለማረም በራሱ ፈቃድ ቀርቦ በአማርኛ እንዲጻፍለት ጠይቋል። ሰዓቱ በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነጭ ፒክአፕ መኪና ጓደኛዬን ጥሩሰውን ገጭቶ ጣለው ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። መኪናው አልገጨውም። በእኔ ቃል ምክንያት ሮይ የሚባለው ሹፌር እስከ ዛሬ ታስሮ ይገኛል። የመጣሁት ይህን ለማስተካከል ነው።

ጥሩሰውን የማውቀው ከስድስት ዓመት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን ነው። ባለቤቱ ሐምራዊት ነርስ ናት፣ በመዘምራንም ታገለግላለች። ስኳሩ ከፍ ብሎ ሐኪም እንዲንቀሳቀስ ሲያዘው ብስክሌት ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ለአንድ ፋብሪካ ክለብ እወዳደር ስለነበር ነገሩን አውቃለሁ፤ ማወቄን ሳልነግረው የዋልኩበት ቀንም የለም። ከሁሉ በፊት ያስተማርኩት ተከትሎ መንዳትን ነው። የኋለኛው ከፊተኛው ጎማ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ሲነዳ ነፋሱን ፊተኛው ይሰብርለታል፣ ድካሙም ይቀንስለታል። ነገር ግን የሚያየው የሰውዬውን ጀርባ እንጂ መንገዱን አይደለም። ስለዚህ ፊተኛው ጉድጓድ ወይም ጠጠር ሲያይ እጁን ዝቅ አድርጎ ማመልከት ግዴታው ነው። ጥሩሰው በመጀመሪያው ቀን «ካላሳየኸኝስ?» ብሎ ጠይቆኝ፣ «ካላሳየሁህ መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው» ብዬዋለሁ። አምኖኝ ሁለት ዓመት ከኋላዬ ነድቷል።

ቅዳሜ ኦክቶበር 17 ከጠዋቱ 8፡40 ላይ መኪናዬን ኮንየርስ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፓርክ አድርጌ፣ ብስክሌቶቹን አውርደን ወደ ምሥራቅ ተጓዝን። መንገዱ ኮረብታ ወጥቶ ኮረብታ የሚወርድ ነው፤ ግራና ቀኙ የላም ግጦሽና የጥድ ደን ነው። መንደሮቹ ጭር ያሉ ናቸው። አንድ ነጭ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ፣ በረንዳ ላይ ባዶ ወንበር ታያለህ፣ መንደሩ አለቀ። እኔ የሳምንቱን የመጋዘን ጩኸት የምረሳው እዚያ ስለሆነ ይህን ጸጥታ እወደው ነበር። 9፡25 ገደማ ግን አንድ ጥቁር መኪና በአጠገባችን በፍጥነት ሲያልፍ፣ ውስጡ የነበረ ሰው ያልተከፈተ የቢራ ጣሳ ወርውሮ የጥሩሰውን ትከሻ መታው። ሲስቁ ሰምቻለሁ። ታርጋውን አላየሁም። ጥሩሰው «መኬ፣ ይሄ ሰፈር አልተመቸኝም፣ ዩ ተርን አድርገን እንመለስ» አለኝ። እኔም «ለአንድ ጣሳ ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። እውነቱን ለመናገር ከእሱ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ መፍራቴን እንዲያውቅብኝ ስላልፈለግሁ ብቻ ወደፊት ሄድን።

10፡05 ላይ የመጨረሻውን መንደር አልፈን ዳገት ስንጀምር ከኋላ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ነጭ ፒክአፕ ነው፤ የሣር ማጨጃ የጫነ ተጎታች አስሯል። እንዲያልፈን ወደ ቀኝ ጠጋ አልን። አላለፈም። ፈጠን ስንል ይፈጥናል፣ ቀስ ስንል ቀስ ይላል። ሁለት ማይል ያህል እንዲሁ ተከተለን። ቤት አይታይም፣ ሰው የለም፣ ስልኬም ሲግናል አልነበረውም። ጣሳ የወረወሩት ሰዎች የላኩት መሰለኝ። ጥሩሰው ከኋላዬ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ሲል ይሰማኛል። መንገዱ መሃሉ ድርብ ቢጫ መስመር ያለበት፣ ከኮረብታው ማዶ የሚመጣ መኪና የማይታይበት ነው። ተጎታች ያሰረ ሹፌር እዚያ ላይ ማለፍ አይችልም፣ አይፈቀድለትምም። ይህን መንጃ ፈቃድ እንዳለው ሰው አውቃለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ጨርሶ አልታሰበኝም።

10፡15 አካባቢ ቁልቁለቱ ተጀመረ። ከታች በጅረት ላይ የተሠራ ትንሽ ድልድይ አለ። ሸሽቼ ለማምለጥ ባለኝ ኃይል ሁሉ ነዳሁ፤ ጥሩሰውም እንደ ልማዱ ከጎማዬ ሥር ተለጥፎ ተከተለኝ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ። ለምን እንዳደረገ አላውቅም። ዞር ብዬ መኪናውን አየሁት፤ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ነበር። ፊቴን ስመልስ ድልድዩ መግቢያ ላይ አስፋልቱ በርዝመቱ ተሰንጥቆ፣ ጎማ የሚውጥ ክፍተት አየሁ። በግልጽ አይቼዋለሁ። እኔ በግራው አለፍኩት። ለማመልከት እጄን ከመሪው ማንሳት ነበረብኝ፤ ከፍርሃት የተነሣ ጨብጬ ያዝኩት እንጂ አላነሳሁም። አፌንም አልከፈትኩም። ከኋላዬ የብረት ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ፍሬን ይዤ ስመለስ ጥሩሰው አስፋልቱ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ የፊት ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ተቀርቅሯል፣ ሄልሜቱ ለሁለት ተከፍሏል፣ ከጆሮው ደም ይወርዳል። ነጩ መኪና ከላይ ቆሟል። ሹፌሩ ሮጦ ወርዶ ሸሚዙን አውልቆ የጥሩሰው ጭንቅላት ላይ ሊያደርግ ሲል፣ እንዳትነካው ብዬ ጮኽኩበት። አልሰማኝም፤ ደሙን ይዞ ተንበረከከ። በራሱ ስልክ ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 911 የደወለውም እሱ ነው።

ፖሊሱ ደርሶ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ እጄን አንስቼ ወደ ነጩ መኪና ጠቆምኩ። ለጥሩሰው ያላነሳሁትን እጅ ለዚህ አነሳሁት። «ገጭቶት ነው?» ሲለኝ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። የመኪናው ባምፐር ላይ ጭረት ስለነበረ ቃሌ እውነት መሰለ፤ ጭረቱ ዝገት የያዘ፣ የቆየ ነው። ሹፌሩ እጁ በካቴና ሲታሰር ፖሊሱን «አልነካሁትም ጌታዬ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሰውዬ፣ ንገራቸው እንጂ» አለኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። በዚያኑ ቀን 4፡30 ላይ ሆስፒታል ውስጥ ቃሌን በጽሑፍ ስሰጥ ግን ደንግጬ ነበር ማለት አልችልም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈረምኩ። ሐምራዊት ክንዴን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ተብዬ ስጠየቅ የሰጠሁት መልስ ፍርሃት ነው የሚል ነው። በመጀመሪያ መኪናውን ፈራሁ፣ ቀጥሎ ሐምራዊትን። የዜግነት ማመልከቻዬ ኢንተርቪው ሊደርስ ስለሆነ እሱንም ፈራሁ። እህል አልወርድ አለኝ፤ መጋዘን ውስጥ ማሽኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ጲጲ ባለ ቁጥር እደነግጣለሁ። ጥሩሰው በአምስተኛው ቀን ነቃ። ከመጨረሻው መንደር ወዲህ ያለውን ምንም አያስታውስም፤ የሚያውቀው እኔ የነገርኩትን ነው። ግራ እጁ እስካሁን አይታዘዝለትም። ከትናንት በስቲያ ልጠይቀው ስሄድ በቀኝ እጁ ይዞኝ፣ «መኬ፣ ከዳንኩ ከአንተ ኋላ እንጂ ከማንም ኋላ አልነዳም። የምታየው አንተ ነህ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምከተልህ» አለኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ለመምጣት የወሰንኩት እዚያ ነው።

ዛሬ እዚህ ያደረሰችኝ ሐምራዊት ናት። የመጣሁት በሹፌሩ ላይ ክሱን ለማጠንከር ይመስላታል። ከሰፈሬ አጠገብ ካለው ከአቮንዴል እስቴትስ ጀምሮ ስታበረታታኝ ነው የመጣችው፤ «ፈራ እንዳይሉህ፣ ያየኸውን ሁሉ ንገራቸው» ብላኛለች። አሁን ከፊት ለፊት ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። ሐሰተኛ ቃል መስጠት ሊያስከስሰኝ እንደሚችል፣ ጠበቃ የመጠየቅ መብትም እንዳለኝ ተነግሮኛል። ከክሱ ይልቅ አሁን የምፈራው ያችን መኪና ነው።

ሌላ የምጨምረው የለኝም። ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። አንድም ሰው ሳያስገድደኝ የተናገርኩት እውነት መሆኑንና የኦክቶበር 17ቱ ቃሌ ሐሰት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ መክብብ አለማየሁ
የመርማሪው ፊርማ፦ ኢዩኤል ይገዙ

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ 3፡35 ላይ ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ሕንፃው የኋላ በር ይኖረው እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዳለው ነግሬው የሚያስወጣውን ኮሪደር አሳየሁት። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ወንበሩ ላይ ቆየ። 3፡52 ላይ በፊት ለፊቱ በር ወጥቶ ወደ ሴትዮዋ መኪና ሲሄድ በመስኮት አይቻለሁ።