አጥር ተደግፈን ያማነው ሰው

ስቶቭነር በሚባል የኦስሎ ሰፈር ተወልዶ ያደገው የአክስቴ ልጅ ሳምሶን የአሜሪካ ፉትቦል ነፍሱ ነው። እኔ ለማስተርስ ኦስሎ በመጣሁ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ የተማሪዎች ቡድን ሲጫወት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ባቡር ላይ እንደለመድነው ማን ይሰማናል ብለን፣ አጥሩን ተደግፈን በአማርኛ እንደ ልባችን እናወራለን። ቡድናችን እየተሸነፈ ነው። ኳስ ወርዋሪውን እያየሁ «ይሄን ኳርተርባክ ከየት አመጡት? ክንዱ ክር ነው» አልኩ። ሳምሶን «ኔይ፣ የለም፣ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው፤ ደህና ልጅ መመልመል አይችልም» አለኝ። አሰልጣኙ ከአጥሩ ወዲያ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። «ይሄ ቦርጫም እንኳን ቡድን ራሱንም አላሰለጠነ» አልኩ። ሳምሶን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኙ፣ ፀጉሩ የነጣ ኖርዌጂያዊ፣ ወደ እኛ መጥቶ ኮፍያውን አወለቀ። «እንደምን ዋላችሁ» አለ በጠራ አማርኛ። ለካ አባቱ ሚሲዮናዊ ስለነበሩ ያደገው ይርጋለም ነው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ያሉት እውነት ነው፤ ለዚህ ሥራ ገና ነኝ» አለኝ። «የቀድሞው አሰልጣኝ ሲሄድ ልጆቹ እንዳይበተኑ ብዬ ያዝኩት። ወርዋሪውም ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው የገባው። ማክሰኞ ልምምድ አለን፤ እርስዎ ጨዋታውን የሚያውቁ ይመስላሉ፣ መጥተው ቢያግዙን ደስ ይለናል።» ምነው በሰደበኝ አልኩ በልቤ። ሰውየው ግን ከልቡ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት አማርኛው ጠፋብኝና በተሰባበረ ኖርዌጂያንኛ «ኡንሺል» አልኩት። የአሜሪካ ፉትቦል በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ መሆኑን ግን በየትኛውም ቋንቋ ልነግረው አልቻልኩም።