ከጎማው ላይ የወረደው እባብ

አዲሷን መኪናዬን ይዘን ከአዲስ አበባ ስንመጣ መንገዳችን ላይ ባለችው ወይጦ የባለቤቴ ወላጆች ቤት አድረን ነበር ጂንካ የገባነው። የመንገዱ አቧራ ቀለሟን አጥፍቶት ስለነበር እዚያው ግቢያችን ውስጥ አጠብናት። ውሃ ያላስለቀቀውን እድፍ እንደ ሊጥ በሚለጠጥ የመኪና ማጽጃ አሽቼ አነሳሁና ሰም መቀባት ጀመርኩ። በባዶ እግሬ ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ በሩን ስወለውል፣ በውሃ ቱቦ ጎማውን ስታጥብ የነበረችው ባለቤቴ ሰናይት ድንገት ድምጿን ዝቅ አድርጋ “እንዳትንቀሳቀስ” አለችኝ።

“ምነው?”

“አትናገር። እባብ እየወረደ ነው።”

ወዲያው ከጎማው በላይ ካለው ክፍተት አንድ ቀዝቃዛ ነገር እግሬ ላይ አረፈና መሳብ ጀመረ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ጨርቁን በሩ ላይ እንደለጠፍኩ የሰናይትን ዓይን ብቻ አያለሁ። “አይዞህ፣ እየሄደ ነው... ቆይ... ትንሽ ቆይ” ትለኛለች፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። እባቡ ተስቦ አጥሩ ስር ሲገባ “አሁን ተነስ!” ብላ ጮኸች።

ተነስቼ ሄጄ አቀፍኳት። ውሃው አሁንም እግራችን ላይ ይፈሳል። ቱቦውን ልቀበላት ብል እጇ አልፈታ አላት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩላት እኔ ነኝ።