ስትወዛወዝ አትጫን

ጣርማ በር አናት ላይ፣ ጉም በሸፈነው ማለዳ፤ መንገድ ሠሪዎች ካምፓቸውን ሲነቅሉ ሸጠውት የሄዱት፣ ካራቫን የሚሉት ባለጎማ ቤት ከፒክአፕ ኋላ ታስሯል፤ ማታ ማታ ፊደል የምትቆጥረው አስካለና ሸዋ ሮቢት ሥራ ያገኘው ልጇ ይታገሱ አጠገቡ ቆመው ይከራከራሉ።

ይታገሱ፦ ቤቱ ከሄደ ሰው የት ይቀራል፣ እማዬ? እስቲ ይቺን መልሽልኝ።

አስካለ፦ እሱን ተወውና ሰንሰለቷን አሁንም እያት።

ይታገሱ፦ አየኋት። አንቺም አየሻት። ጉሙ ባይጋርደው የደብረ ሲና ሰው ሁሉ ባያት ነበር።

አስካለ፦ አንተ ቀልድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ይታገሱ፦ ከነጋ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። መንጠቆው ገብቷል፣ ተቆልፏል፣ ጎማው ተነፍቷል። በከባድ ማርሽ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ። በይ ግቢ፣ እንሂድ።

አስካለ፦ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቤት በእግሩ ገደል ሲወርድ ግን እንኳን ላየው ሰምቼም አላውቅ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ብወርድስ?

ይታገሱ፦ ስትጎተት ውስጧ ሰው አይገባም። የምትቀመጪው ከፊት፣ ከኔ ጋር ነው።

አስካለ፦ ቤት ሆና ሰው የማታስገባ። እንግዲያው መጎተቻው ብረት ላይ የተጻፈውን ሳላነብ ንቅንቅ አልልም።

ይታገሱ፦ ስንት ዓመት ልብስ ያሰጣሽበትን ብረት ዛሬ ልታነቢው?

አስካለ፦ ያኔ ዝገት ይመስለኝ ነበር። አሁን ፊደል ሆኗል። ዝም በል፣ ታጠፋብኛለህ። ከ... ባ... ዱ... ከባዱ። ከ... ፊት... ይ... ጫን። ከባዱ ከፊት ይጫን።

ይታገሱ፦ ጎበዝ።

አስካለ፦ ቆይ፣ ከሥሩም አለ። ስት... ወ... ዛ... ወዝ። እዚህ ጋ ቀለሙ ተልጧል። አት... ጫን። ስትወዛወዝ አትጫን። አየህ? ላይኛው ይጫን ይላል፣ ታችኛው አትጫን። ከራሱ ጋር ያልተስማማ ሰው የጻፈውን ይዘህ ነው እኔን ቁልቁል የምታወርደኝ?

ይታገሱ፦ ተልጦ የጠፋው ፍሬን የሚለው ነው። ስትወዛወዝ ፍሬን አትጫን ነው የሚለው። የላዩ ጫን የዕቃ ነው፣ የታቹ የእግር።

አስካለ፦ ትወዛወዛለች ደግሞ?

ይታገሱ፦ ንፋስ ጎኗን ሲመታት፣ ትልቅ መኪና አጠገቧ ሽው ብሎ ሲያልፍ። ሰው ሲፈጥንባትም።

አስካለ፦ ያኔ ምን ታደርጋለህ?

ይታገሱ፦ ምንም።

አስካለ፦ ምንም?

ይታገሱ፦ ነዳጁን ቀስ ብዬ እለቃለሁ። መሪውን ቀጥ አድርጌ እይዝና ራሷ እስክትረጋ እጠብቃታለሁ። ደንግጠሽ ፍሬን ከረገጥሽ ግን ትጠመዘዛለች፤ ኋላሽ ፊትሽን ይቀድምሻል።

አስካለ፦ ኧረ በስመ አብ። ለመሆኑ ከንፋሱ ሌላ ምን ያወዛውዛታል?

ይታገሱ፦ ብዙ ጊዜ ከባዱ ከኋላ ሲሆን ነው።

አስካለ፦ የወፍጮዬን ድንጋይ የት አደረግከው?

ይታገሱ፦ በሩ አጠገብ።

አስካለ፦ በሩ በየት በኩል ነው?

ይታገሱ፦ በ... እሺ፣ እሺ። ከኋላ ነው። ወደ ፊት እገፋዋለሁ።

አስካለ፦ አውርደው።

ይታገሱ፦ ወደ ፊት እገፋዋለሁ አልኩሽ እኮ።

አስካለ፦ ሰምቼሃለሁ። ድንጋዩንም አልጋዬንም ሳጥኔንም አውርድ። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ጓዳዋን ለቃልኛለች።

ይታገሱ፦ ይሄ መቼ ነው የተባለው?

አስካለ፦ አንተ ሰንሰለት ስታስር።

ይታገሱ፦ ለዚህ ነዋ ከነጋ ጎማ የምታስነፊኝ። የምትቀሪው በአባዬ ምክንያት ነው፣ አይደል?

አስካለ፦ ድንጋዩ ከባድ ነው፣ ወገብህን ጠንቀቅ።

ይታገሱ፦ እማዬ፣ አባዬ ሥራ ፍለጋ በዚህ ቁልቁለት ሲወርድ እኔ የወተት ጥርሴ አልተነቀለም ነበር። ይኸው ዛሬ ጢሜን እላጫለሁ።

አስካለ፦ መጥቶ ቦታውን ባዶ ቢያገኘውስ?

ይታገሱ፦ አሁን መጻፍ ትችያለሽ አይደል? «ሮቢት ነን» ብለሽ መንገዱ ዳር ያለው ምሰሶ ላይ ለጥፊለት።

አስካለ፦ ጽፌዋለሁ። መምህሩ እንኳ ያመሰገነው ጽሕፈት ነው። ልለጥፈው ምሰሶው ድረስ ሄጄ፣ ሙጫው እጄ ላይ እያለ ትዝ አለኝ።

ይታገሱ፦ ምን?

አስካለ፦ አባትህ ማንበብ አይችልም። እሱ ማንበብ የሚያውቀው የኔን ፊት ብቻ ነው።

ይታገሱ፦ እትዬ ብዙነሽ ትነግረዋለች። እዚህ መንደር ወሬ ማን አጣ?

አስካለ፦ እሱ ሰው አይጠይቅም። ባዶውን ቦታ ያይና ጥለውኝ ሄዱ ብሎ ፊቱን ያዞራል። ታውቀው የለ።

ይታገሱ፦ በምን ላውቀው?

አስካለ፦ እውነትህን ነው። አታውቀውም።

ይታገሱ፦ እዚህ ብርድ ላይ ለብቻሽ ማን ሊያጫውትሽ ነው? ጉሙ?

አስካለ፦ ማታ ትምህርቴ አለ። ቀን ቀን ጉሙም ቢሆን እንዳንተ ወሬዬን አያቋርጥም።

ይታገሱ፦ እማ፣ በሞቴ ግቢ። አንቺ ኋላ ከቀረሽ ከባዱ ከኋላ ሆነ ማለት እኮ ነው። እወዛወዛለሁ።

አስካለ፦ ስትወዛወዝ አትደንግጥ። መሪህን ቀጥ አድርገህ ያዝና እስክትረጋ ጠብቅ።

ይታገሱ፦ አንቺስ?

አስካለ፦ እኔማ ከነጋ እየተወዛወዝኩ ነው፣ ልጄ። አትጫነኝ።

ይታገሱ፦ እሺ፣ ድንጋዩን የት ላሳርፈው?

አስካለ፦ ቤቱ ቆሞበት የነበረው ላይ፣ ያ ሣሩ የነጣበት ጋ። ቁጭ እልበታለሁ።

ይታገሱ፦ ይኸው። አልጋሽም ሳጥንሽም ወርዷል። የቀረውን ከባድ ወደ ፊት ገፍቼዋለሁ። መጥተሽ እዪልኝ።

አስካለ፦ ካልክ ይበቃኛል። መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ መብራትህን አብራ። እየነዳህ እንዳትደውልልኝ።

ይታገሱ፦ ደርሼ እደውላለሁ። ታች ሰዉ እናትህስ ቢለኝ ምን ልበል?

አስካለ፦ ቅድም የጠየቅከኝ አሁን መጣልኝ። ሰው የሚቀረው ቤቱ በነበረበት ነው። ቤቱ ሄደ፣ አስካለ ቀረች በላቸው።