ጋሼ መኮንን ያላመኑበት የዕቁብ ገንዘብ

እዚህ ሲያትል፣ ማውንት ቤከር በሚባለው ሰፈር የምንጥለው ዕቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ እንደ ሌሎቹ መኪና አልገዛሁም። ገንዘቡን የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን ባንድ ላይ በሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ አስገባሁት፤ ከደመወዜም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩበት። ከዕቁብተኛው ሁሉ አብልጠው የሳቁብኝ ጋሼ መኮንን ነበሩ። «የማይታይ ነገር ገዛህ? አይ ምሁር!» አሉኝ። እኚህ ሰው አዲስ አበባ፣ ባንክ ውስጥ አለቃዬ ሳሉ፣ በፈተና አንደኛ የወጣሁበትን ሹመት አንስተው ለእህታቸው ልጅ የሰጡ ናቸው። ለዓመታት የአክሲዮን ገበያው በወረደ ቁጥር «ዛሬስ ምን ተረፈህ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አልሸጥኩም።

ባለፈው እሑድ ዕቁብ ላይ ተሰብስበን ሳለ፣ የልጄን የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ከዚያው ካደገው ገንዘብ እንደከፈልኩ ሰሙ። ስልካቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ለልጅ ልጆቼ እንዲህ ያለውን አስጀምረኝ።»

«አስጀምርዎታለሁ። በፊት ግን ይንገሩኝ፤ ያ ሹመት የማን ነበር?»

አቀረቀሩ። «ያንተ» አሉ።

«ጮክ ይበሉ ጋሼ፣ ዕቁብተኛው ይስማ።»

«ያንተ ነበር አልኩህ እኮ!»

ይቅር ብያቸዋለሁ አልላችሁም፤ ስልካቸውን ግን ተቀበልኩ። «ኦኬ፣ እንጀምር» አልኳቸው። «ሲወርድ ግን አይሸጡም።»