ምላሱ የተፈታ ዕለት

የምስክር ቃል

ምስክር፦ የሟች ሕፃን አክስት (የእናቱ ታላቅ እህት)፣ በሰፈር መጠሪያዋ «ጭራሮ»
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ ፀጉር ሠሪ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው የኪራይ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ጠዋት
ጉዳዩ፦ የሕፃን ሞት

ማንነቴ ከላይ የተመለከተው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ በዓይኔ ያየሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። ሟች የታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጅ ነው። እህቴ ከወለደች ጀምሮ ያረስኳት እኔ ስለሆንኩ ከቤቱ አልተለየሁም።

ሕፃኑ ሲወለድ ደህና ነበር። ችግሩ የመጣው ጡት ላይ ነው። ይይዝና ያመልጠዋል፤ በጠባ ቁጥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ወተቱም በአፉ ጥግ ይፈሳል። የእህቴ ባል የአውቶቡስ ሾፌር ነው። መጀመሪያ አካባቢ «ይሄ ልጅ ገና ከመምጣቱ ከንፈሩን ይመጥጥልናል፤ ምን አይቶብን ነው?» እያለ ያስቀን ነበር። ኋላ ግን ሳቁ ቀረ። የእህቴ ጡት ጫፍ ተሰነጣጥቆ ደማ። ልጁ ሲነቃ ገና ሳታነሳው እሷ ማልቀስ ጀመረች። ሕፃኑ ጠብቶ ጠብቶ አይጠግብም፤ ደክሞት ይተኛል፣ ርቦት ይነቃል። ቆዳው ሰፋው።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ምላሱን በጣቷ ቀና አድርጋ አሳየችን። ከምላሱ ሥር ያለው ስስ ክር አጥሮ እስከ ጫፉ ድረስ ይዞታል። «አይዟችሁ፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ሆስፒታል ሐኪሙ በመቀስ ለቀቅ ያደርግላችኋል» አለችን። እስከዚያው ወተቱን አልባ በማንኪያ እንድትሰጠው ለእህቴ አሳየቻት። ሆስፒታሉ ግን ወረፋ አለ ብሎ ቀጠሮውን አርቆ ሰጠን። እህቴ ስታልብ የሚወጣው ደግሞ የማንኪያውን ሥር ቢያረጥብ ነው።

በዚህ ጉዳይ ተይዘው ያሉት ሴት የሾፌሩ አክስት ናቸው። ሰፈሩ «እትዬ እጀ ወርቅ» ይላቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ አዋላጅ ነበሩ፤ ሾፌሩን ራሱን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። የእህቴ ባል ለፖሊስ በሰጠው ቃል «እኔ ሳላውቅ መጥተው ቆረጡት» ማለቱ ተነግሮኛል። ይህ ትክክል አይደለም። ማክሰኞ ከሰዓት ሄዶ ያመጣቸው እሱ ነው። ቦርሳቸውን ተሸክሞ ሲገባ አይቻለሁ።

እትዬ የሕፃኑን አፍ አይተው መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። «ልጄ፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፤ ቀጠሮህን ጠብቅ» አሉት። እሱም እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እስከዚያ ልጄ ይተርፍልኛል? ይዩት እስቲ፣ አጥንቱ ብቻ እኮ ነው የቀረው» አላቸው። እህቴም ለመነቻቸው። እኔም አልከለከልኩም፤ መቀሱን የቀቀልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ ያለቀው በቅጽበት ነው። ሕፃኑ አንዴ ጮኸ። እትዬ ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርገው ከያዙት በኋላ «ስጪው፣ ስጪው» አሏት። ያዘ። ያ የቀጭቀጭታ ድምፅ የለም፤ በአፉ ጥግ የሚፈስ የለም፤ ሲውጥ ጉሮሮው ይታያል። እህቴ «አያመኝም» አለች። «አያመኝም እኮ!» እያለች አለቀሰች። ባሏ የእትዬን እጅ ይዞ ሳመ።

ከዚያ ልጁ ተኛ። ጠግቦ የተኛ መስሎን በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። እትዬ ሊሄዱ ከተነሱ በኋላ «እስቲ አንዴ ልየው» ብለው ተመለሱ። አገጩን ዝቅ ሲያደርጉት አፉ ደም ሞልቷል። የሚውጠው ወተት ብቻ አልነበረም። እትዬ ቁስሉን በጨርቅ ጫኑት፤ አልቆም አለ። ጎረቤት መኪና አስነሳልን። መንገዱን ሙሉ ጣታቸውን ከቁስሉ ላይ አላነሱም፤ «በርታ የኔ ጌታ፣ በርታ» ይሉት ነበር። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ አረፈ።

ሐኪሙ እንደነገረን ሕፃኑ ከተፈጥሮው ደሙ ቶሎ የማይረጋ ነበር። ይህን ከላይ አይቶ ማወቅ እንደማይቻል፣ ምላሱ መለቀቅ እንደነበረበት፣ ሆስፒታል ውስጥ ቢሆን ግን ሊደረስለት ይችል እንደነበር ነግሮናል። እትዬ አልሸሹም። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠብቀው ለፖሊሱ «የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ትናንት ከቀብር ስንመለስ የእህቴ ቀሚስ ደረቱ ላይ ርሶ ነበር። ወተቷ አልቆመም፤ እንዲያውም ጨምሯል። «እህቴ፣ ምን ላድርገው?» አለችኝ። ፎጣ አጥፌ ደረቷ ላይ አደረግኩላት።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ልመጣ ስል ባሏ በር ላይ ጠበቀኝ። «ምን ልትያቸው ነው?» አለኝ።

«የሆነውን» አልኩት።

«ያመጣኋቸው እኔ ነኝ ካልኩ፣ ልጄን እኔ ገደልኩት ማለት ነው» አለ።

«አንተም አልገደልከውም፣ እሳቸውም አልገደሉትም። እንዲጠባ ፈለግን እንጂ» አልኩት። ኮቱን ደርቦ ተከተለኝ። ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት ከክፍሉ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ «የእኔን ቃል እንዲያስተካክሉት ንገሪያቸው» ብሎኛል። ስለዚህ ከእኔ ቀጥሎ እሱ እንዲጠራ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ለማንም ብዬ የጨመርኩበት፣ ማንንም ፈርቼ ያስቀረሁት የለም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________